የመሥሪያ ቤት ብርሃንና የሠራተኛው ዓይን

የመሥሪያ ቤት ሥራ ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሸክም የለበትም፤ ሞፈርና ዶማ አይያዝበትም፤ ሠራተኛው ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ በወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ዕረፍት የማያገኝ አንድ የሰውነት ክፍል አለ፤ እርሱም ዓይን ነው። የከተማ አስተዳደር መዝገብ ያዥ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ የተማሪዎቹን ደብተር የሚያርም መምህር፣ እነዚህ ሁሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ጥቃቅን ፊደልና ቁጥር ሲለዩ ይውላሉ።

የእኛ ፊደል ደግሞ ከዓይን ብዙ ትጋት የሚጠይቅ ነው። ለን ከሉ የምትለየው በጎኑ የተቀጠለች አጭር ጭረት ናት፤ ሲን ከሴ የምትለየውም በእግሩ ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ዓይኑ የደከመ ጸሐፊ ይህችን ቀለበት ሳያያት ቢያልፍ የሰው ስም ይለወጣል፤ 3ን 8 ብሎ ቢያነብም ሒሳብ ይዛባል።

ከቀትር በኋላ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰማው አቤቱታ ተመሳሳይ ነው። ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ያለቅሳል፤ ግንባር ይከብዳል፤ መስመር ይደራረባል። ሰውም ይህን ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ «ብርሃን አነሰን፣ አምፖል ይጨመርልን» ይላል። በላስታ ደጋ ግን በቀን ሥራ ጊዜ ዋናው ችግር የብርሃን ማነስ ሳይሆን የብርሃን አቀማመጥ መበላሸት ነው። ዕድሜው ከ40 ዓመት ላለፈ ሠራተኛ ደግሞ የጎደለው ብዙ ጊዜ አምፖል ሳይሆን መነጽር ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማወቅ እጅግ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ሳይለይ የቀረም ሠራተኛ «ዓይኔ ጠፋ» ብሎ ገና በጉልበቱ ሳለ ከሥራው ሊርቅ ይችላል።

ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል

ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በብሌን በኩል ነው። ብሌን በዓይን መካከል ያለች ጥቁር ቀዳዳ ስትሆን በብርቱ ብርሃን ፊት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ትጠባለች፤ በጨለማ ደግሞ በወጣት ሰው ዓይን እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ ትሰፋለች። ይህ ማለት የቀዳዳዋ ስፋት እስከ 16 እጥፍ ይለዋወጣል ማለት ነው። ከብሌን በስተኋላ ያለው ሌንስ ምስሉን አስተካክሎ በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተዘረጋው፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ያሳርፈዋል።

በዓለም ላይ ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ተራ ሻማ አብርተን ወረቀት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ብናቆም በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አንድ ሉክስ ያህል ነው። ለንባብና ለጽሕፈት ሥራ በአውሮፓ የመሥሪያ ቤቶች ደንብ የሚጠየቀው 500 ሉክስ ነው። ደመና በሌለበት ቀን በቀትር በሜዳ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ግን 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሰማይ በደመና በተሸፈነ ጊዜም እንኳ 10,000 ሉክስ ያህል ይገኛል። እንግዲህ በጠራ ቀትር ከደጅ ወደ ቢሮ የሚገባ ሰው ሁለት መቶ እጥፍ ያህል ወደሚያንስ ብርሃን ይገባል ማለት ነው።

ብሌን 16 እጥፍ ብቻ የምትለዋወጥ ከሆነ የቀረውን ልዩነት የሚችለው ሬቲና ነው። ሬቲና ግን እንደ ብሌን ፈጣን አይደለም። ከብርቱ ፀሐይ ወደ ደብዛዛ ክፍል ሲገባ ለመልመድ ደቂቃዎችን ይፈልጋል፤ ጨርሶ ወደ ጨለማ ሲገባ ደግሞ በሙሉ ለመልመድ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል። ስለዚህ ዓይንን ይበልጥ የሚያደክመው የብርሃን መጠን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ እጅግ ብሩህና እጅግ ጨለማ የሆኑ ነገሮችን እንዲያይ መገደዱ ነው። ፊቱን ወደ ብሩህ መስኮት አዙሮ በጨለመ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰው ዓይኑን ቀና ባደረገና ዝቅ ባደረገ ቁጥር ይህን መከራ ይቀበላል።

የላስታ ብርሃን

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ትበረታለች፤ ዓይንንና ቆዳን የሚጎዳው የማይታየው የፀሐይ ጨረርም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ድንጋዩና ደረቁ መሬትም ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይን ይረጨዋል።

የሰሜን ንፍቅ 12ኛው ኬክሮስ በከተማዋ አካባቢ ስለሚያልፍ የፀሐይ መንገድ በዓመቱ ውስጥ ይለዋወጣል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀሩት ወራት ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥም ከሁሉ ይበልጥ ዝቅ ትላለች። ይሁን እንጂ በታኅሣሥም ቢሆን በቀትር ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትታይ በደቡብ መስኮት ላይ የተዘረጋ መጠነኛ የጣራ ክፈፍ ብርቱ ጨረሯን ሊከለክል ይችላል። በሰሜን በኩልም ፀሐይ በቀትር የምትታየው እጅግ ከፍ ብላ ስለሆነ በክፈፍ መከልከሏ ከዚህም ይበልጥ ይቀላል።

የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ግን እንዲህ አይደለም። ዝቅ ያለች ፀሐይ በማናቸውም ክፈፍ ሥር ሾልካ ትገባለች። ከሁለቱም የሚከፋው የምዕራቡ ነው። መሥሪያ ቤት በሚከፈትበት ሰዓት የምሥራቋ ፀሐይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ መዝጊያው ሰዓት ግን የምዕራቧ ፀሐይ እየወረደች በቀጥታ ዓይን ትወጋለች። ይህም የሚሆነው ሠራተኛው ከሁሉ ይበልጥ በደከመበት ሰዓት ነው። «ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል» የሚል ሠራተኛ በመጀመሪያ መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ ይመርምር።

የአገሩ አሮጌ ቤት አሠራር ለዚህ ዓይነት ሥራ የታሰበ አልነበረም። በላሊበላ የሚታወቁት በድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ፎቅ የሣር ክዳን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸውም ጥቂትና ጠባብ ነው። ለብርድና ለነፋስ መከላከያነት ይህ ብልሃት ነበር፤ የቤት ሥራውም አብዛኛው በደጅ ይሠራ ስለነበር ችግር አላመጣም። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናትም በትንንሽ መስኮቶች ደብዘዝ ያለ ብርሃን የሚገባባቸው ናቸው። ከቀትር ፀሐይ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወይም ወደ ቤተ ማርያም የገባ ሁሉ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ከመግቢያው ጥቂት እንደሚቆም ያውቃል። ይህ ብርሃን ለጸሎት ይስማማል፤ ለቁጥር ሥራ ግን አይበቃም።

የጥንት ሊቃውንትም ይህን ያውቁ ነበር። ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቀን ብርሃን ይጽፋል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ አይመሽግም፤ በሚያቃጥል ፀሐይም አይቀመጥም። በደጃፍ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን በብራናው ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ዛሬ በየአገሩ ለመሥሪያ ቤት ብርሃን የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጸሐፊው በጥላ ውስጥ ይሁን፤ ወረቀቱ ግን ሰፊውን የሰማይ ብርሃን ያግኝ።

ዓይንን የሚያስቸግሩ የቢሮ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የጠረጴዛ አቀማመጥ ነው። በብዙ ቢሮ ሠራተኛው ባለጉዳይ ሲገባ እንዲያይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል የውጭው ብርሃን በቀጥታ ዓይኑን ያጭበረብረዋል። ከዚህ ለመሸሽ ጀርባውን ወደ መስኮት የሚያዞርም አለ፤ እርሱም በበኩሉ የራሱ ጥላ በወረቀቱ ላይ ያርፍበታል፤ የኮምፒዩተሩ መስታወትም መስኮቱን እንደ መስተዋት እያሳየ ጽሑፉን ይሸፍንበታል። ከሁለቱ የሚሻለው መስኮቱን በጎን ማድረግ ነው። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መስኮቱ በግራው ቢሆን የእጁ ጥላ በሚጽፈው ላይ አይወድቅም፤ በግራ እጁ የሚጽፍም በተቃራኒው ያድርግ።

ሁለተኛው የክፍሉ ጥልቀት ነው። የመስኮት ብርሃን ለንባብ የሚበቃው የመስኮቱ የላይኛ ጫፍ ከወለሉ ካለው ከፍታ እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ በሚደርስ ርቀት ውስጥ ብቻ ነው። የመስኮቱ ጫፍ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ከመስኮቱ ከ4 ሜትር በላይ የራቀ ጠረጴዛ በቀን ብርሃን ብቻ ሊሠራበት አይገባም። ስለዚህ በጥልቁ የክፍል ክፍል ሣጥንና የመዝገብ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ሰው ግን ወደ መስኮቱ ይቅረብ። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መደርደሪያው መስኮቱን ከልሎ ይቆማል፤ ጸሐፊው ግን በማዕዘን ይቀመጣል።

ሦስተኛው የግድግዳው ቀለም ነው። በጭስና በአቧራ የጠቆረ ወይም በጭቃ ብቻ የተመረገ ግድግዳ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። አዲስ ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ግን ከመቶ 70 እስከ 80 ያህሉን መልሶ ወደ ክፍሉ ይበትነዋል። ኮርኒስም ነጭ ከሆነ ከመስኮት የገባው ብርሃን እስከ ውስጠኛው ጠረጴዛ ይደርሳል። በዚህም ላይ በመስኮቱና በዙሪያው ባለው ግድግዳ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይቀንሳል። የብርሃን ባለሙያዎች ምክር ሠራተኛው ቀና ብሎ የሚያየው ሁሉ ከሚያነበው ወረቀት ከአሥር እጥፍ በላይ ብሩህ ወይም ጨለማ እንዳይሆን ነው። ኖራ ለዚህ እጅግ ርካሽ መድኃኒት ነው። ጠረጴዛው ግን በሚያንጸባርቅ ቀለም ወይም በመስታወት ባይሸፈን ይሻላል፤ ያ ብርሃን የሚበትን ሳይሆን ዓይን የሚወጋ ይሆናልና።

አራተኛው የመስኮቱ መዝጊያ ነው። በደጋው አገር መስታወት የሌለው የእንጨት መስኮት ጸሐፊውን ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በክረምት ዝናብና ብርድ እንዳይገባ ቢዘጋው ይጨልማል፤ በበጋ ቢከፍተው ነፋስና አቧራ ወደ ዓይኑ ይገባል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ በፊት የመስኮት መስታወት ሊቀድም ይገባል። በቆርቆሮ ጣራ ላይም ከቆርቆሮዎቹ አንዱን በብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መለወጥ ጨለማውን ክፍል ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፀሐይዋ በቀጥታ በሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ እንዳትወርድ ቦታው ይመረጥ።

አምስተኛው የአየሩ ነገር ነው። በበጋ የላስታ አየር ደረቅ ስለሆነ የዓይን እንባ ቶሎ ይተናል፤ አቧራም ይጨመርበታል። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይህን ይቀንሳል። በብርድ ጠዋት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ግን ዓይን ከማቃጠሉም በላይ ለሕይወት አደገኛ ነው። ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ በክፍሉ ያለውን ሰው ሳያውቀው ሊገድለው ይችላል።

ስለ ሰው ሠራሽ ብርሃን

በአጭሩ ወራት የላስታ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በጥቂት ያነሰ፣ በረጅሙ ወራትም ከ13 ሰዓት በጥቂት ያነሰ ርዝመት አለው። ይህ ማለት የመሥሪያ ቤት ሥራ ዓመቱን በሙሉ በቀን ብርሃን ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ይህም ቁጠባ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቆይታለች። መብራት ሲጠፋ ሥራው የማይቆመው አስቀድሞ በመስኮት ብርሃን የተደራጀ መሥሪያ ቤት ነው።

በክረምት ደመና ጊዜና ለማታ ሥራ ግን መብራት ያስፈልጋል። የተለመደው አሠራር አንድ አምፖል በክፍሉ መካከል ማንጠልጠል ነው። ይህ ክፍሉን ለመተላለፊያ ያበራል፤ በየጠረጴዛው ላይ ግን ጥላ ይጥላል። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስም አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኀይለኛ አምፖል ከመግዛት ይልቅ መለስተኛውን በጠረጴዛ መብራት ወደ ሥራው ማቅረብ ይበልጣል። 9 ዋት የሆነ የኤል ኢ ዲ አምፖል የቀድሞውን 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። አምፖሉ ራሱ ግን ለዓይን እንዳይታይ በጥላ ይከለል፤ በጎን ይቀመጥ።

አሮጌ የፍሎረሰንት ቱቦ ባለበት ቢሮ ራስ ምታት ቢበዛ የሚያስገርም አይደለም። እንዲህ ያለው ቱቦ በእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ርግብግቡን ለይቶ ባያየውም በአንዳንድ ሰው ላይ ራስ ምታት ያመጣል። ቱቦው ዳር ዳሩ ከጠቆረ ወይም ሲንቀጠቀጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ኩራዝና ሻማ ደግሞ ለመንገድ ማሳያ እንጂ ለመዝገብ ሥራ የሚበቁ አይደሉም፤ የኩራዝ ጭስም በራሱ ዓይንን ያስቆጣል።

ስለ ኮምፒዩተር

ሰው በተለመደው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በእያንዳንዱ እርግብታም እንባ የዓይኑን ፊት ያጥበዋል። በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ አተኩሮ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ይረሳል፤ እርግብታውም እስከ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። በደረቁ የበጋ አየር ይህ ሲጨመር ዓይን ይደርቃል፤ ይቆጠቁጣል። አንዳንድ ጊዜ የደረቀ ዓይን በብዛት ያለቅሳል፤ ይህም ዓይን ድርቀቱን ለማካካስ የሚያደርገው ነው።

ኮምፒዩተሩ ከዓይን አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ የመስታወቱ የላይኛ ጫፍም ከዓይን ከፍ አይበል። ዓይን ዝቅ ብሎ ሲያይ ሽፋሽፍት ይበልጥ ስለሚሸፍነው እንባው ቶሎ አይደርቅም። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል ከ6 ሜትር በላይ የራቀ ነገር መመልከትን ይመክራሉ። በላስታ የሚኖር ሰው ለዚህ የሚመለከተው አያጣም፤ በመስኮቱ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከታየው ዓይኑን በዚያ ያሳርፍ።

ብርሃን፣ መነጽርና የሥራ ውጤት

ብርሃን ሲጨመር ሥራ ይጨምራል ወይ ተብሎ በዓለም በብዙ ተመርምሯል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1927 በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው በሆውቶርን ፋብሪካ የተደረገው ነው። በዚያ ብርሃኑ ሲጨመርም ሲቀነስም የሠራተኞቹ ሥራ እንደ ጨመረ ተነገረ፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ እንደሚመረመሩ በማወቃቸው ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች የተረፉትን መዝገቦች እንደገና መርምረው ውጤቱ እንደ ተወራው ግልጽ አለመሆኑን አሳዩ። እንግዲህ «ይህን ያህል አምፖል ብትጨምሩ ይህን ያህል ሥራ ታገኛላችሁ» የሚል ሻጭ ቢመጣ መሥሪያ ቤቱ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

ስለ መነጽር የተገኘው ማስረጃ ግን የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሕንድ አገር በአሳም ክፍለ ሀገር ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎችን በሁለት ከፍሎ ተመለከተ። ለአንደኛው ክፍል የቅርብ መነጽር ወዲያው ተሰጠ፤ ለሁለተኛው ጥናቱ እስኪያልቅ ዘገየ። መነጽር ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ 22 ከመቶ ያህል ብልጫ ያለው ሥራ ሠሩ። የሻይ ቅጠል መልቀም ከጽሕፈት ይልቅ ለዓይን የማያስቸግር ሥራ ነው፤ በዚያ ይህን ያህል ከጠቀመ በመዝገብ ሥራ ላይ ጥቅሙ እንዴት ያንስ!

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የወጣት ዓይን ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ ለቅርብና ለሩቅ ይተጣጠፋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይደርቃል። የ20 ዓመት ወጣት በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያለ ፊደል ሊያነብ ይችላል፤ በ50 ዓመት ግን ያለ መነጽር በግልጽ የሚታየው ከግማሽ ሜትር ገደማ በላይ የራቀው ነው። ለዚህ ነው ሰውዬው ደብዳቤውን እጁን ዘርግቶ የሚያነበው። በዚህም ላይ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ብርሃን ሲሶ ያህሉን ብቻ ያገኛል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ለሁሉ የሚደርስ የዕድሜ ሥራ ነው። መነጽር ዓይንን ያሰንፋል የሚለው አስተያየት ስሕተት ነው፤ መነጽር ባይደረግም ሌንሱ መድረቁን አይተውም። በደብዛዛ ብርሃን ማንበብም የዐዋቂን ዓይን ያደክማል እንጂ አያጠፋም፤ ሲያርፍ ይመለሳል።

ችግሩ የክፍሉ ይሁን የዓይን ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። በቢሮ ውስጥ ያስቸገረውን ጽሑፍ በደጅ፣ በጥላ ሥር ሆኖ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማንበብ ነው። በደጅም ካልተነበበ ጉድለቱ የዓይን ነው። በደጅ ደኅና ከተነበበ ግን ጉድለቱ በአብዛኛው የክፍሉ ነው። ሆኖም በብርቱ ብርሃን ብሌን ስለምትጠብ ጀማሪው የዕድሜ ድካም በደጅ ሊደበቅ ስለሚችል ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በዚህ ፈተና ብቻ ሳይታመን ዓይኑን ያስመርምር።

ከድካም ጋር የማይምታቱ በሽታዎች

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን፣ 3.7 ያህሉም እይታቸው የደከመ መሆኑ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው በቀዶ ሕክምና የሚድነው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ከደከመው እይታም ሲሶ ያህሉ በመነጽር የሚታረም ነበር። ትራኮማም የአማራን ክልል ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረ በሽታ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ዓይኑ በቆጠቆጠው ጊዜ ሁሉ ምክንያቱን ለብርሃን ብቻ ቢሰጥ እነዚህ በሽታዎች ሳይታዩ ያድጋሉ።

የሥራ ድካም በዕረፍት ቀን ይቀላል። ዓይን መግል ቢያወጣ፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ቢወጋ፣ እይታ በድንገት ወይም በአንድ ዓይን ብቻ ቢቀንስ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚመስል ክብ ቢታይ፣ ብርቱ ሕመም ቢኖር፣ ይህ የቢሮ ነገር አይደለምና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ከፍ ያለ የዓይን ሕክምና የሚያስፈልገውም በደሴ አጠገብ ወዳለው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የሕክምና ቅባትን ወይም ጠብታን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሌላ ሰው ተበድሮ ዓይን ውስጥ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም።

በመሥሪያ ቤት ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ገንዘብ ከማይጠይቁት ጀምሮ በቅደም ተከተል የተጻፉ ናቸው።

1ኛ. በጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጠው እየሠሩ በመዳፍዎ የመስኮቱን ብርሃን ከዓይንዎ ይከልሉ። ጽሑፉ ወዲያው ለማየት ከቀለለ መስኮቱ ዓይንዎን እያጭበረበረ ነውና ጠረጴዛውን በጎን ያዙሩት።

2ኛ. ኮምፒዩተሩን አጥፍተው መስታወቱን ይመልከቱ። በውስጡ መስኮት ወይም አምፖል ከታየ ያ ነጸብራቅ ቀኑን ሙሉ በጽሑፉ ላይ የሚቀመጥ ነውና ቦታውን ይለውጡ።

3ኛ. መስኮትን የሚከልሉ መደርደሪያዎችንና የተከመሩ መዝገቦችን ያንሡ፤ መስታወቱንም በየሳምንቱ ይጥረጉ።

4ኛ. በምዕራብ መስኮት ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚዘረጋ ነጣ ያለ ስስ መጋረጃ ያድርጉ። ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ግን ክፍሉን ስለሚያጨልም አይመረጥም።

5ኛ. ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበትን ሥራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ፤ ባለጉዳይ ማነጋገርንና ሰነድ ማስተካከልን ወደ ማታው ያዛውሩ።

6ኛ. በምሳ ሰዓት በፀሐይ ሲወጡ ባርኔጣ ወይም ጥላ ይያዙ። ሲመለሱም ዓይንዎ እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው መዝገብ ይክፈቱ።

7ኛ. ግድግዳውንና ኮርኒሱን በየዓመቱ ኖራ ወይም ነጭ ቀለም ያስቀቡ።

8ኛ. ለየጠረጴዛው የተከለለ መብራት፣ ለመብራት መጥፋት ጊዜም በፀሐይ ኀይል የሚሞላ ፋኖስ ያዘጋጁ።

9ኛ. ዕድሜው 40 ዓመት የሞላ ሠራተኛ ሁሉ ዓይኑን ያስመርምር። በገበያ የሚሸጠው የንባብ መነጽር ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለሁለቱም ዓይን እኩል ስለሆነና በሽታን ስለማይገልጽ ምርመራውን አይተካም።

መምህራን ደግሞ እነዚህን ለራሳቸው ካደረጉ በኋላ ለተማሪዎቻቸውም ያስቡ። ጥቁር ሰሌዳው በሁለት መስኮቶች መካከል ከተሰቀለ ተማሪው ከሰሌዳው ይልቅ መስኮቱን ያያል። ሰሌዳው መስኮት በሌለበት ግድግዳ ላይ ይሁን፤ የተማሪዎቹም መቀመጫ ብርሃኑ በጎናቸው እንዲሆን ይደረግ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ዓይኑን የሚያጨፈግግ ወይም የሚሳሳት ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ዓይኑ ይመርመር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ይህን ጉዳይ እንደ ምቾት ብቻ ሊቈጥሩት አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በሃያ ዓመት አገልግሎት የሥራውን ልክ ያወቀ ጸሐፊ በመነጽር ማጣት ወይም በጠረጴዛ አቀማመጥ ምክንያት ሲቀር መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው ዕውቀት በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ኃላፊው በዚህ ሳምንት በ10 ሰዓት በየክፍሉ ይዙር፤ ዓይኑን አጨፍግጎ የሚሠራ ሰው ካየም በመጀመሪያ ጠረጴዛውን አብሮት ያዙርለት፤ ከዚያም ዕድሜውን ይጠይቀው።